የገብስሜ ስፌት አረንጓዴ ሆነብኝ

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። አምስት ዶሮዎች አሉን። ገብስማዋን የ9 ዓመቷ ልጄ ‹ገብስሜ› ብላ ስም አውጥታላታለች። ከጫጩትነቷ ጀምሮ እጇ ላይ ነው ያደገችው። በቀደም ከአንገቷ ሥር አበጠችና እንደ ድንጋይ ጠጠረች። አፏም ይሸት ነበር። ሐኪም ጋ ወሰድናት። ቀዶ አንድ ጭብጥ የሚያክል የማዳበሪያ ክርና ሣር አወጣላት። ሰፍቶ፣ መድኃኒት ሰጥቶ ‹በ10ኛው ቀን መልሷት› አለን። ዛሬ 3ኛ ቀኗ ነው። ቁስሉ ዙሪያ አረንጓዴ ሆኗል። ጎረቤቴ ‹በስብሷል፤ አመድ ወይም የቡና ዱቄት ነስንሺበት› አለችኝ። አማቴ ደግሞ ‹ሳትበክት ትታረድ› ይላሉ። ልጄ ታለቅሳለች። እኔ ጧት ማታ ቁስሉን በዲቶል እጠርጋለሁ። ምን ላብላት? መቼ ከሌሎቹ ጋር ትቀላቀል? እንቁላልስ ትጥላለች? ልጄ ደግሞ ‹ስፌቱ ሲወጣ ያማታል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ› ብላኛለች።»

የገብስሜ ቤተሰብ፣ ከደሴ

አብሽሪ እህቴ። ከአረንጓዴው እንጀምር፤ እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ነውና።

ሰው ሲመታ ቆዳው ይበልዛል። መጀመሪያ ይጠቁራል፤ ውሎ አድሮ ቢጫ ይሆንና ይጠፋል። ዶሮ ስትበልዝ ግን አረንጓዴ ነው የምትሆነው። ቆዳ ሥር የፈሰሰ ደም ሲፈራርስ መጀመሪያ ቢሊቨርዲን የሚባል አረንጓዴ ነገር ይሆናል። የኛ ሰውነት ያንን ወደ ቢጫ የሚቀይርበት ኤንዛይም አለው። ዶሮ ይህ ኤንዛይም የላትም። ስለዚህ አረንጓዴው አረንጓዴ እንደሆነ ቆይቶ ቀስ እያለ ይደበዝዛል። ብዙ ጊዜ ጎልቶ የሚታየው በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ነው። ያንቺዋም 3ኛ ቀኗ ነው። ሐኪሙ ቆዳዋን በጣቱ ይዟል፣ በመቆንጠጫ ወጥሯል፣ ቆርጧል። ባይበልዝ ነበር የሚገርመኝ። በጎረቤትሽ አልፈርድም። እኔም መጀመሪያ ያየሁት ቀን «አለቀላት» ብዬ ነበር።

ብስባሹን የምትለዪው በአፍንጫሽና በጣትሽ ነው። የበለዘ ቆዳ አይሸትም። ደረቅ ነው። ስትነኪው ይለሰልሳል። የበሰበሰ ግን ይሸታል፣ ይረጥባል፣ ይጠቁራል፣ ዙሪያውም እየተነፋ ይሄዳል። ደግሞ «መግል ሲፈስ አያለሁ» ብለሽ እንዳትጠብቂ። የዶሮ መግል እንደ ሰው አይፈስም። ይጠጥርና እንደ አይብ ፍርፋሪ ይሆናል። ስለዚህ ከስፌቱ ሥር ጠንከር ያለ ቢጫማ ጉብታ ካገኘሽ አትጭመቂው፤ «ፈሳሽ ስለሌለው ደህና ነው» ብለሽም አትተዪው። ሐኪሙ ይየው። ሰውነቷ ትኩስ ሆኖ ካስደነገጠሽ ግን ተረጋጊ። የጤነኛ ዶሮ ሙቀት ከ41 እስከ 42 ዲግሪ ነው። እጅሽ ላይ ሁልጊዜም ትሞቃለች።

አመዱን ተዪው። አመድ እርጥበት ሲያገኝ ቆዳ ያቃጥላል። ቡናው እንኳ እኛም ቤት የነበረ ነው። ቢላ ጣቴን በቆረጠኝ ቁጥር እናቴ የቡና ዱቄት ትጠቀጥቅበት ነበር። ያ ግን ደም ለማቆም ነው። የገብስሜ ደም ቆሟል፤ ሐኪሙም ዘግቶታል። አሁን ዱቄቱ ስፌቱ ላይ ጋግሮ ከሥር የሚሆነውን ይሸፍንብሻል። ቅቤ ላባዋን አጣብቆ ቆሻሻ ይሰበስባል። ላምባና አረቄ አይታሰቡም። ከፋርማሲ የሚገዛው አረፋ የሚያወጣው ፐርኦክሳይድም ያጸዳ ይመስላል እንጂ አዲስ የሚገጥመውን ሥጋ ጭምር ይጎዳል። ማርስ? ማር ለክፍት ቁስል ጥሩ ነው፤ ሐኪሞችም ይሠሩበታል። በተሰፋ ቁስል ላይ ግን ጉንዳንና ዝንብ ከመጥራት ያለፈ ጥቅም አይሰጥሽም።

እውነቱን ልንገርሽ። ከአረንጓዴው በላይ ያስጨነቀኝ «ጧት ማታ በዲቶል እጠርጋለሁ» ያልሽው ነው። በቃ፣ አቁሚ። ዲቶል ለዶሮ ቆዳ ከባድ ነው። መጥረጉ ራሱም ለመግጠም የሚታገለውን ቆዳ በየቀኑ እንደ አዲስ መላጥ ነው። ደረቅ ከሆነ አትንኪው። ኩስ ወይም ምግብ ነክቶት ከቆሸሸ ብቻ በጨው ውሃ አጽጂው። ለግማሽ ሊትር ውሃ ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል፤ ከዚያ ከበዛ ያቃጥላታል። ውሃውን በደንብ አንተክትኪው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 አካባቢ ይፈላል። ፈላ ብለሽ ወዲያው አታውርጂው፤ ጥቂት ደቂቃ ጨምሪለት። ለብ ሲል በንጹሕ ጎዝ ነክረሽ ጠብ ጠብ አድርጊበት። አትፈትጊ። ጥጥ አትጠቀሚ፤ ቃጫው ስፌቱ ላይ ይቀራል። ከዚያ አድርቂው። ፋሻም አትጠምጥሚበት። ያ ቦታ ስትበላ ይነፋል፣ ሲወርድላት ይሟሽሻል። ፋሻው ያንቃታል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ።

ገብስሜ ያላት ሁለት ቁስል ነው። አንቺ የምታዪው አንዱን ነው። ዶሮ የዋጠችውን ጥሬ ወዲያው ወደ ታች አትልከውም። ከአንገቷ ሥር፣ በስተቀኝ በኩል፣ እህል የምታጠራቅምበት ከረጢት አላት። እዚያ ይርሳል። ከዚያ ጥቂት በጥቂት ይወርዳል። ያ የማዳበሪያ ክር የተቋጠረው እዚህ ከረጢት ውስጥ ነው። መውጫውን ዘጋ፤ የበላችው እዚያው ተብላላ፤ አፏ የሸተተውም ለዚህ ነው። ሐኪሙ ቆዳዋንም ከረጢቱንም ነው የከፈተው። የሰፋውም ለየብቻ ነው። የውስጡ ክር ቀስ በቀስ ሟሙቶ ይጠፋል። የውጪው በ10ኛው ቀን ይወጣል። የቆዳው ስፌት ትንሽ ቢላላ ሐኪም ያስተካክለዋል። የከረጢቱ ከተከፈተ ግን የበላችውና የጠጣችው ሁሉ ቆዳዋ ሥር ይፈስሳል። የሚገድላትም ይኼ ነው። አንቺ በዲቶል የምትለፊው ላይኛው ላይ ነው። ልፋቱ የሚያስፈልገው ግን ለታችኛው ነው። ለታችኛው ደግሞ መድኃኒቱ የምታበያት ነገር ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ሐይቅ ከተማ ስንኖር እንዲሁ የተሰፋች ዶሮ ነበረችኝ። በ4ኛው ቀን ለሌሎቹ በቆሎ ስበትን ከሳጥኗ ውስጥ ጮኸችብኝ። አሳዘነችኝ። «ድናለች፤ ርቧት ነው» ብዬ አንድ እፍኝ በቆሎ ሰጠኋት። እየተስገበገበች ለቀመችው። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ጧት የደረቷ ላባ ርሷል። ኮምጣጣ ኮምጣጣ ይሸታል። የውስጡ ተተርትሯል። መልሰን አሰፋናት፤ አልተረፈችም። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ይባል የለ? እሷማ ሁልጊዜ ጥሬ ታልማለች። ጥፋቱ የኔ ነበር።

ስለዚህ ስፌቱ እስኪወጣ ድረስ በቆሎ የለም። ስንዴ፣ ገብስ፣ ማሽላ የለም። ሣርና ጎመን የለም። እንጀራም ዳቦም ለጊዜው ይቅርባት፤ ዳቦ ውስጧ ያብጣል፣ ይለጥፋል። ሐኪሙ ስለ ምግብ የነገረሽ ካለ እሱ ይቀድማል። ከሌለ ለዶሮ የሚሸጠውን የተፈጨ መኖ በለብ ያለ ውሃ ዘፍዝፊና እንደ ቀጭን ገንፎ አድርጊው። ከማንኪያ ላይ ቀስ ብሎ የሚወርድ ይሁን። የተቀቀለ እንቁላል አስኳሉን ደቁሰሽ ብትጨምሪበት በጣም ጥሩ ነው። ለምን እንቁላል ለዶሮ ብለሽ አትሳቂ፤ ቁስል የሚገጥመው በፕሮቲን ነው። መኖ ካጣሽ የገብስ በሶ በውሃ ቀጥኖ ለአንድ ሁለት ቀን ያቆያታል። ጨው የሌለበት መሆኑን ግን እዪ።

መጠኑ ነው የሚያስቸግረው። በአንድ ጊዜ አንድ የሾርባ ማንኪያ። ቢበዛ ሁለት። ከዚያ ሰዓት ሁለት ሰዓት ቆይተሽ እንደገና። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ይሆናል። ያንቺ ሥራ ይፈታል፤ አውቃለሁ። ግን ልጅሽ 9 ዓመቷ ነው፤ ማንኪያ መቁጠር ትችላለች። ከረጢቱ ሲሞላ ስፌቱን ይወጥራል፤ ሲጎድል ያርፋል። ዋናው ነገር ይኼው ነው። ከ4ና 5 ቀን በኋላ ደህና ከሆነች ገንፎውን እያወፈርሽ፣ መጠኑንም በጥቂቱ እያሳደግሽ ሂጂ።

ውሃ ሁልጊዜ ከፊቷ አይጥፋ። በራሷ ትጠጣ። በሲሪንጅ አትጋቻት፤ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ለመያዝም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በጀርባዋ አትገልብጫት። ከረጢቷ ውስጥ ያለው ወደ አፏ ተመልሶ ሊያንቃት ይችላል። ደረቷንም አትጭመቂ። ዶሮ እንደኛ ድያፍራም የሚባለው ደረትና ሆድን የሚለይ የመተንፈሻ ጡንቻ የላትም፤ የምትተነፍሰው የደረት አጥንቷን ከፍ ዝቅ በማድረግ ነው። ልጆች «እወድሻለሁ» ብለው እቅፍ ሲያደርጓት ትንፋሽ ያሳጥሯታል። ክንፎቿን ሰብስበሽ ብብትሽ ሥር፣ ከሥር በመዳፍሽ ደግፈሽ ያዣት።

አንድ ነገር በየቀኑ አድርጊ። ጧት ምግብ ሳትሰጫት በፊት ያን ከረጢት ከስፌቱ ራቅ ብለሽ በጣትሽ ዳሰስ አድርጊው። ባዶ፣ ልስልስ ያለ ከሆነ ሌሊቱን ሁሉ ወርዶላታል ማለት ነው። ከዚህ የሚበልጥ ደስ የሚል ዜና የለም። እንደ ሊጥ የሚል፣ ወይም እንደገና የጠጠረ ነገር ካለ አልወረደም። ያን ቀን ምግብ አትጨምሪባት፤ ሐኪሙ ጋ ደውዪ። ውሃ ከጠጣች በኋላ ደግሞ የደረቷን ላባ እዪ። ከረጠበ ሰዓት አትጠብቂ።

ኩሷም ይነግርሻል። ቡናማ ሆኖ ጫፉ ነጭ ከሆነ ደህና ነው። አልፎ አልፎ የሚወጣው አረፋ ያለው፣ በጣም የሚሸት ቡናማም ደህና ነው፤ ብዙ ሰው በሱ ይደነግጣል። ቀጭን ደማቅ አረንጓዴ ብቻ ሆኖ ከቀጠለ ግን ሆዷ ባዶ ነው ማለት ነው። የቆዳው አረንጓዴ አያስፈራም፤ የኩሱ አረንጓዴ ያሳስባል። አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ከገረጣ ወይም ከጠየመ፣ ቀኑን ሙሉ ውሃ ካልነካች፣ ጥግ ይዛ ላባዋን ነፍታ ካንጎላጀች፣ የ10 ቀኑን ቀጠሮ አትጠብቂ። ዶሮ ሕመሟን ትደብቃለች። የደከመ መምሰል በሌሎቹ ስለሚያስነክሳት ነው። አመመኝ ብላ ማሳየት ከጀመረች ቆይቷል ማለት ነው። ሐኪሙ ባይመችሽ ደሴ ውስጥ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ። «ለዶሮ ይኼን ያህል?» ብለው ይስቁብኛል ብለሽ እንዳትቀሪ። ይሳቁ።

ማደሪያዋ ካርቶን ይሁን፤ ቤት ውስጥ። ጭድ አታንጥፊባት! ያሳመማት ምን ነበር? ክርና ሣር። ጭድ ብታነጥፊላት ለምሳ ታደርገዋለች። የሰጋቱራም ነገር እንዲሁ። የተተረተረ ጨርቅም አይሆንም፤ ክሩን እየመዘዘች ትውጠዋለች። ጋዜጣ አንጥፊና በየቀኑ ቀይሪው። ቆጥ አያስፈልጋትም፤ መዝለልና መውረድ ስፌቱን ይጎትትባታል። መሬት ትተኛ።

ኮምቦልቻ ብትሆኚ ኖሮ ስለ ብርድ ባልጻፍኩ፤ ስለ ዝንብ ነበር የማወራሽ። የደሴ ሌሊት ግን ለታመመ ቀልድ አይደለም። ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልተሽ፣ በፎጣ ጠቅልለሽ ካርቶኑ ጥግ አስቀምጪላት። ስትፈልግ ትጠጋው፣ ሲሞቃት ትሽሸው። ከሰል አጠገቧ እንዳታነድጂ። የወፍ ሳንባ ጭስ አይችልም። የከሰሉ ሽታ የሌለው ጋዝ እናንተን ሳያዞራችሁ በፊት እሷን ይጨርሳታል። ቡና ሲፈላም ዕጣኑ እስኪያልፍ ወደ ሌላ ክፍል ውሰጃት። አቦል ብቻ ከሆነ ግድ የለም፤ በረካ ድረስ ከሆነ ግን ጭሱ ይበዛባታል። ዝንቡን ካነሣሁ አይቀር፣ ደሴም ቢሆን ፀሐይ ስትወጣ ይመጣል። ቁስል ላይ ዕንቁላሉን ከጣለ በማግሥቱ ትል ነው። ካርቶኑን በቀጭን ሻሽ ወይም በአጎበር ሸፍኚው። እሷ ጫፉን መንከስ እንዳትችል ግን ወጥረሽ እሰሪው።

ሌላም አለ። ዶሮ ስትታመም በኛ አገር የለመድነው ይታወቃል፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ሎሚ፣ በርበሬ። ይህን የምናደርገው ለፈንግል ነው። ለፈንግልም ቢሆን የሚያድነው አስቀድሞ የተሰጠ ክትባት ነው፤ ያ የሌላ ጊዜ ወሬ ነው። ትናንት የተሰፋ ከረጢት ውስጥ ፌጦ ማግባት ግን ቁስል ላይ በርበሬ መነስነስ ነው፤ ምንም ልዩነት የለውም።

መድኃኒቱን ሐኪሙ ያለሽን ያህል፣ ያለሽን ቀን ሙሉ ስጫት። «ተሽሏታል» ብለሽ አታቋርጪ። ዱቄት ከሆነ ለሷ ብቻ በሆነ ውሃ ይሁን፤ ሌሎቹ አይጠጡት። ከቤት የተረፈ የሰው ካፕሱል አትጨምሪ። የሰው የሕመም ማስታገሻ፣ በተለይ ዲክሎፍናክ፣ ወደ አፏ እንዳይደርስ። በደቡብ እስያ በዲክሎፍናክ የታከመ ከብት ሞቶ ሥጋውን የበሉ ጥንብ አንሳዎች ኩላሊታቸው እየተጎዳ አልቀዋል። ህንድ እንደ ፈረንጆቹ በ2006 ለእንስሳት ሕክምና ከልክላዋለች። ሕመም ያለባት ከመሰለሽ የዶሮ መጠን የሚያውቅ ሐኪም ይዘዝላት።

ወደ አማትሽ ልምጣ። እሳቸው ክፉ ሆነው አይደለም። እሳቸው ባደጉበት ጊዜ ዶሮ ሲቸግር ገበያ የምትወጣ ገንዘብ ነበረች። ጨውም ቡናም የሚገዛው በሷ ነው። ሳትበክት ማረድ ደግሞ ንብረት ማትረፍ ነው። ስለዚህ «ልጅቷ ታለቅሳለች» ብለሽ አትከራከሪያቸው፤ በዚህ አታሸንፊም። እውነተኛው መልስ ሌላ ነው። አሁን ሥጋዋ መድኃኒት አለበት። ቢታረድ የሚበላ አይደለም። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ቀናት መቆጠር አለባቸው፤ ስንት እንደሆነ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ይለያያልና ሐኪሙን ጠይቂው። ይህን ስትነግሪያቸው ቢላውን ራሳቸው ያስቀምጣሉ። ከዚያ ደግሞ ማታ ማታ «ደህና አደረች ወይ?» ብለው የሚጠይቁት እሳቸው ቢሆኑ አይግረምሽ፤ አይቻለሁ።

እንቁላሏም ያው ነው። መድኃኒት ላይ እያለች ብትጥል አትብሉት፤ ለጎረቤትም አትስጪ፤ ለሌሎቹ ዶሮዎችም አትቀቅይላቸው። ግን ላትጥልም ትችላለች። ሰውነቷ ያለውን ሁሉ ወደ ቁስሉ አዙሯል። ለሳምንታት ብታቆም አትግፊያት። ክብደቷ ሲመለስ እንቁላሉም ይመለሳል።

ልጅሽ ትርዳሽ፤ ግን በነካቻት ቁጥር እጇን በሳሙና ትታጠብ። አፏን አትሳም። ዶሮ ጤነኛ እየመሰለች ሳልሞኔላ የሚባል ሰው የሚያሳምም ጀርም ልትይዝ ትችላለች።

የመቀላቀሉ ነገር አያስቸኩልሽ። ዶሮዎች ቀይ ነገር ካዩ አይምሩም። አንዷ የጀመረችውን ቁስል ሌሎቹ ይጨርሱታል፤ የጠሉ ሆነው አይደለም፤ እንደዚያ ነው የተፈጠሩት። ስፌቱ ወጥቶ ቆዳው ደረቅ ብሎ እስኪዘጋ ለብቻዋ ትሁን። ነገር ግን ጨርሳ ከራቀቻቸው ይረሷታል፤ ስትመለስ እንደ መጤ ነው የሚቀበሏት። ስለዚህ ከ1 ሳምንት በኋላ ፀሐያማ ቀን ካርቶኗን ግቢ አውጪው። ድምፃቸውን ትስማ። ስፌቱ ከወጣ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን በሽቦ ወይም በትልቅ ቅርጫት ከልለሽ እርስ በርስ እንዲተያዩ አድርጊ። ከዚያ ማታ፣ ሌሎቹ ቆጥ ላይ ከወጡ በኋላ በጨለማ አስገቢያት። ጧት ሲነቁ አብራቸው ያደረች ይመስላቸዋል። ትንሽ መነካከስ አይቀርም። ደም ካላየሽ ጣልቃ አትግቢ።

ያን ጊዜም ቢሆን ጥሬው ቀስ ብሎ ይመለስ። መጀመሪያ ክክ፣ ከዚያ ሙሉው። አሸዋና ጠጠርም ያኔ ታግኝ፤ ጥሬ የምትፈጭበት ጥርሷ እሱ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ግቢውን ዙሪው። የተቀደደ ማዳበሪያ ካለ ሰብስቢ። ጫፉ የተተረተረ ማዳበሪያ ለዶሮ ትል ነው የሚመስላት። አንዱን ክር መጎተት ከጀመረች ማቆም አትችልም። ሹሩባ ስትሠሩ የሚወድቀው ዊግም፣ የፌስታል ቁራጭም እንዲሁ። አንዴ የተሰፋ ከረጢት ለሁለተኛ ጊዜ ሲደፈን ቀዶ ጥገናው ይከብዳል።

የልጅሽ ጥያቄ ቀረ። ንገሪያት፤ ስፌቱ ሲወጣ ትንሽ ይቆነጥጣታል። ክር ሲመዘዝ የሚሰማው ዓይነት ነው፤ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። እሷ ገብስሜን በፎጣ ጠቅልላ፣ ዓይኗን በእጇ ሸፍና ብትይዝላት የበለጠ ትረጋጋለች፤ ዶሮ ጨለማ ሲሆን ዝም ትላለች። አንድ ሥራ ግን ለልጅሽ ስጪያት። ሐኪሙ የቆረጠውን ክር ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ እሷ ቶሎ ብላ ታንሣው። ካላነሣች ገብስሜ ትውጠዋለች።